ከእስላም ቤት እስከ አዲስ ዓለም፦ የጎንደር ሙስሊሞች ሰፈር ታሪክና የጠባዩ መለዋወጥ

በሰሜን ኢትዮጵያ ከተሞች የሙስሊሙ ሰፈር እንዴት ተቆረቆረ፣ እንዴትስ ጸና ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ከሌሎቹ ይልቅ ጽሑፍ የተረፈላት ከተማ ጎንደር ናት። ከግንቦቹ ወደ ታች፣ በቃሃ ወንዝ በኩል የሚገኘው፣ በቀድሞው ዘመን «እስላም ቤት» ወይም «እስላምጌ» ይባል የነበረው፣ ዛሬ «አዲስ ዓለም» በሚል ስም የሚታወቀው ሰፈር ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ አለው። ስለ እርሱ የነገሥታቱ ዜና መዋዕል ይናገራል፤ ከየመን የመጡ ቃዲ፣ ከፈረንሳይ የመጣ ሐኪም፣ ከስኮትላንድ የመጣ መንገደኛም በየተራቸው ጽፈዋል። ሰፈሩ ግን ስለ ራሱ የጻፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ ታሪኩን የምናነበው አብዛኛውን ጊዜ በውጭ ዓይን መሆኑን ከመነሻው ማስታወስ ይገባል።

ይህን ጉዳይ በአዊ ዞን ለሚያስተምሩ መምህራንና ለሚያሰግዱ ኢማሞች ማቅረብ ያስፈለገበት ምክንያት አለ። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ በአዊ ዞን የሙስሊሙ ድርሻ ከመቶ 5 ገደማ ነበር፤ በጎንደር ከተማ ደግሞ ከመቶ 12 ገደማ። በዳንግላም ሆነ በእንጅባራ ሙስሊሙ የሚኖረው በዋናነት በከተማ፣ በገበያና በመንገድ ዳር ነው። ወጣቱ «እኛ እዚህ አገር እንግዶች ነን ወይስ ባለቤቶች?» ብሎ ሲጠይቅ በአብዛኛው ከሁለት አንዱን መልስ ይሰማል። አንደኛው፣ ሙስሊሙ በአዋጅ ተገፍቶ በአንድ ጥግ ታጥሮ ኖረ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ሁሉም በፍቅርና በመቻቻል አብሮ ኖረ የሚል ነው። የጎንደሩን ሰፈር ታሪክ በርጋታ የተከታተለ ሰው ሁለቱም መልሶች የአንድን ዘመን መልክ ወስደው ለሦስት መቶ ዓመት እንደሚያለብሱት ይረዳል።

ከአዋጁ በፊት

ጎንደርን ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 መናገሻ አደረጓት። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የፖርቱጋል ኢየሱሳውያን ከአገር ተባርረው ነበር። ንጉሡ ከካቶሊኮቹ ጋር ያላቸውን በር ሲዘጉ፣ ወደ ባሕር የሚያወጣ ሌላ በር መክፈት ግድ ሆነባቸው። ምጽዋ በኦቶማን ቱርኮች እጅ ነበረች። ስለዚህ ፋሲል በአንድ በኩል ከምጽዋና ከሰዋኪን ሹማምንት ጋር ስምምነት አደረጉ፤ በሌላ በኩል ደግሞ በሙስሊም ነጋዴ እጅ ለየመን ኢማም ደብዳቤ ላኩ። የደብዳቤው ዋና ዓላማ በአፋር ጠረፍ በበይሉል በኩል አዲስ የንግድ መንገድ ለመክፈት ነበር።

ኢማም አል-ሙተወኪል ዐለላህ ኢስማዒል ግን የመልእክቱን መንፈስ በሌላ መንገድ ተረዱት። ንጉሡ ወደ እስልምና ያዘነበሉ መስሏቸው ከሹማምንታቸው አንዱን፣ ቃዲ ሐሰን ብን አሕመድ አል-ሐይሚን፣ መልእክተኛ አድርገው ላኩ። ቃዲው ከየመን የተነሡት እ.ኤ.አ. በ1647 ሲሆን፣ የአፋርን በረሃ ተሻግረው ጎንደር የደረሱት በ1648 ነው። ከተመለሱም በኋላ «ሲረት አል-ሐበሻ» በመባል የሚታወቀውን የጉዞ መጽሐፋቸውን ጻፉ። የተልእኮው ፍጻሜ የሚያስደስት አልነበረም፤ ንጉሡ የፈለጉት ንግድ ነበር፣ ኢማሙ ተስፋ ያደረጉት ሌላ ነበር። ለእኛ ርእስ የሚጠቅመው ግን ከዚህ ውድቀት ይልቅ በመጽሐፉ ጎን ለጎን የተገለጸው ነገር ነው፦ ከተማዋ ከተቆረቆረች ገና አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት ሙስሊሞች በውስጧ ነበሩ።

ይህ ነጥብ ችላ ሊባል አይገባም። እስላም ቤት በአዋጅ የተፈጠረ ሰፈር ነው የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ሙስሊሙ ወደ ጎንደር የመጣው በአዋጅ አይደለም፤ ቅፍለት ይዞ፣ አሞሌ ጭኖ፣ ገበያ ፍለጋ ነው። አዋጁ የወሰነው የት እንደሚያድር ብቻ ነው።

የ1668ቱ ጉባኤ

ዐፄ ፋሲልን የተኩት ልጃቸው ቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ (እ.ኤ.አ. 1667–1682) ናቸው። በነገሡ በዓመቱ፣ በ1668፣ በጎንደር በተደረገ ጉባኤ የፈረንጅ ወገን የሆኑት ወይ በአገሩ ሃይማኖት እንዲያምኑ ወይ እንዲወጡ ተወሰነ። ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤሎች ደግሞ ከክርስቲያኑ ተለይተው፣ የራሳቸውን መንደር ሠርተው እንዲኖሩ፣ ክርስቲያንም በሎሌነት እንዳያገለግላቸው ታዘዘ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1678፣ ጉዳዩ እንደገና በጉባኤ ተነሥቶ ውሳኔው ጸና።

ለምን ሁለት ጊዜ? አንድ ሕግ በአሥር ዓመት ውስጥ ዳግመኛ የሚታወጀው የመጀመሪያው በሚገባ ሳይፈጸም ሲቀር ነው ብሎ መገመት ለታሪክ ተመልካች የተለመደ ነው፤ እኔም የማምነው እንዲሁ ነው። ሰው በአንድ ገበያ እየሸጠ፣ ከአንድ ወንዝ እየቀዳ፣ በአንድ ቋንቋ እየተነጋገረ ኖሮ በአንድ አዋጅ አይለያይም። መለያየቱ ሲፈጸምም የተፈጸመው በማደሪያ፣ በማዕድና በጋብቻ ነው። በገበያና በቤተ መንግሥት አልተፈጸመም፤ ሊፈጸምም አይችልም ነበር።

እዚህ ላይ የጎንደርን የሰፈር ሥርዓት በጠቅላላው መመልከት ያስፈልጋል። ጎንደር ከጥንት ጀምሮ በሰፈር በሰፈር የተከፈለች ከተማ ናት። ጳጳሱ የሚኖሩበት «አቡን ቤት»፣ እጨጌው የሚኖሩበትና ተሸሽጎ የገባ ሰው የማይነካበት «እጨጌ ቤት»፣ ቤተ እስራኤሎች የሰፈሩበት «ካይላ ሜዳ» እየተባለ ሰፈር ሁሉ በነዋሪው ማዕረግ ወይም ወገን ይጠራ ነበር። ስለዚህ «እስላም ቤት» የሚለው ስም በራሱ ስድብ አልነበረም፤ ከሌሎቹ ስሞች ጋር በአንድ መዝገብ የቆመ ስም ነው። ልዩነቱ ሌላ ነው። እጨጌ ቤት ለባለቤቱ ክብርን፣ ለተማጠነውም ጥገኝነትን ይሰጣል። እስላም ቤት ግን ለነዋሪው ቦታ እንጂ ርስት አልሰጠውም። በክርስቲያኑ መንግሥት ሥር የነበረ ሙስሊም በአብዛኛው የመሬት ርስት የማግኘት መብት አልነበረውም። የሰፈሩ ኢኮኖሚ፣ አኗኗርና ሥጋት ሁሉ ከዚህች አንዲት ነጥብ ይመነጫል።

ርስት የሌለው ሕዝብ ምን ይሠራል?

ርስት የሌለው ሰው መሬት በእኩል ያርሳል፤ ወይም እጁን ወይም እግሩን ያሠራል። የጎንደር ሙስሊም በብዛት ሁለቱን የኋለኞቹን ሠራ፦ ሸማ ሸመነ፣ ሲራራ ነገደ። ባላባቱ ንግድን ለክብሩ የማይመጥን ሥራ አድርጎ ይመለከት ስለነበር፣ ሥራው ለሙስሊሙ ተተወለት። በተጨማሪም ወደ ምጽዋ፣ ወደ ስናር፣ ወደ ካይሮና ወደ ጅዳ የሚያወጡት መንገዶች በሙስሊም አገሮች የሚያልፉ በመሆናቸው ክርስቲያን ነጋዴ እንደ ሙስሊሙ በቀላሉ ሊመላለስባቸው አልቻለም። ከደቡብ፣ ከእናርያ በኩል፣ ወርቅ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ባሪያ ይመጣ ነበር፤ ከባሕር በኩል ጨርቅ፣ ዶቃና ቅመም ይገባ ነበር። የባሪያው ንግድ በዚህ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ሸፍኖ ማለፍ አይገባም። የእስላም ቤት ሀብት ከፊሉ ከዚያ የመጣ ነው፤ ገዢዎቹም መኳንንቱ ጭምር ነበሩ።

በዚህ ምክንያት በጎንደርም ሆነ በጎጃም አሮጌ አነጋገር «ነጋዴ» የሚለው ቃል ሥራን ብቻ ሳይሆን ሃይማኖትንም ይጠቁም ነበር። «ነጋዴ ነው» ማለት «እስላም ነው» ማለት ይሆን ነበር። ነጋድራስነትም፣ ማለትም የነጋዴዎቹ አለቅነትና የቀረጥ ሹመት፣ ብዙ ጊዜ በሙስሊም እጅ ይገባ ነበር። እንግዲህ ርስት የተከለከለው ሰው የንጉሡን ኬላ ያስገብራል፤ የንጉሡንም ደብዳቤ ባሕር ያሻግራል። እ.ኤ.አ. በ1699 የቀዳማዊ ኢያሱን ሕመም እንዲያክም ፈረንሳዊውን ሐኪም ፖንሴን ከካይሮ በስናር በኩል ወደ ጎንደር ያመጣው የንጉሡ ወኪል ሐጅ ዓሊ የተባለ ሙስሊም ነጋዴ ነበር።

ፖንሴ ራሱ ያየውን ጽፏል። ሙስሊሞቹ በከተማዋ የታችኛ ክፍል፣ በተለየ ሰፈር እንደሚኖሩ፣ «ጀበርቲ» እንደሚባሉ፣ ክርስቲያኖቹም ከእነርሱ ጋር አብረው እንደማይበሉ ይነግረናል። ስለ ማዕዱ የጻፈው ከጥላቻ ብቻ የመጣ አድርጎ የሚያነበው አለ። ነገሩ ግን ከሁለቱም ወገን ነው፤ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን እርድ አይበላም ነበር። ቢላዋው በተለያየበት አገር ማዕዱም ይለያያል። የሚለየው ደረጃው ነው፦ የአንዱ መለየት በሕግና በሥልጣን የተደገፈ ሲሆን የሌላው መለየት ራስን የመጠበቅ ነበር። ቡናም ቢሆን እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ በቤተ ክርስቲያን ዘንድ የሙስሊም መጠጥ ተደርጎ ይነቀፍ እንደነበር ይታወቃል። ዛሬ በጎንደርም በእንጅባራም ቡና የማይፈላበት ቤት የለም፤ ከልማድ የቱ እንደሚጸና፣ የቱ እንደሚያልፍ አስቀድሞ ማወቅ አስቸጋሪ ነው።

ከፖንሴ ሰባ ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1770 (እ.ኤ.አ.)፣ ጄምስ ብሩስ ጎንደር ሲደርስ በመጀመሪያ ያረፈው በዚሁ በቃሃ ዳር ባለው የሙስሊሞች ከተማ ነው። በእርሱ ግምት ሰፈሩ 3,000 ያህል ቤቶች ነበሩት፤ አንዳንዶቹም ሰፊና ያማሩ ነበሩ። የመንገደኛ ግምት ቆጠራ አይደለም፤ ቢሆንም ሰፈሩ የከተማዋ ጥግ ሳይሆን ራሱን የቻለ ከተማ መስሎ መታየቱን ያሳያል።

ብሩስ ከጻፈው ሁሉ ለእኔ ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ስለ ድንኳኖቹ የተናገረው ነው። ንጉሡና መኳንንቱ ለዘመቻ ሲወጡ ድንኳኑን የሚተክሉትና የሚነቅሉት፣ በቅሎውን የሚጭኑትና ጓዙን የሚመሩት ከዚህ ሰፈር የተውጣጡ ሙስሊሞች ነበሩ። በራሳቸው አለቆች ሥር የተደራጁ ሲሆኑ፣ ለማንኛውም ወገን ግን አይዋጉም ነበር፤ እንዲዋጉ አይፈቀድላቸውም፣ ራሳቸውም አይፈልጉም ነበር። ዘመኑ የመሳፍንት ጦርነት የጀመረበት መሆኑን ስናስብ ይህ ቃል ክብደት ያገኛል። ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው በሚነግሥበት ከተማ የእስላም ቤት ሰው የሁሉንም ድንኳን ተከለ፤ የማንንም ጦር አልያዘም። ይህ አቋም ለመቶ ዓመት ያህል ሰፈሩን ጠበቀው ብንል ስሕተት አይሆንም። ዋጋውም ነበረው፤ ጦር የማይዝ ሰው በዚያ ዘመን ሥልጣን አያገኝም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው መዓት

ጠባቂ የነበረው ገለልተኛነት የማያገለግልበት ጊዜ የመጣው ንጉሡ አንድ ሃይማኖት ያለው አንድ መንግሥት ለማቆም በተነሣ ጊዜ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1864 ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። በዚያው ዓመትና በ1866 ጎንደር በራሳቸው በንጉሡ ሠራዊት ተዘረፈች፤ በሁለተኛው ጊዜም ተቃጠለች። የተቃጠሉት አብያተ ክርስቲያናት ጭምር ስለ ነበሩ፣ ያን ዘመን የአንድ ወገን ብቻ መከራ አድርጎ ማስተማር ትክክል አይሆንም። ልዩነቱ፣ የእስላም ቤት ሰው እሳቱን ብቻ ሳይሆን አዋጁንም መሸሽ ነበረበት።

በግንቦት 1870 ዓ.ም. በወሎ ቦሩ ሜዳ በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በተደረገው ጉባኤ ደግሞ ነገሩ ከባሰው ደረጃ ደረሰ። ለሙስሊም ሹማምንት ሦስት ወር፣ ለተራው ሕዝብ ሦስት ዓመት ተቆርጦ ወይ እንዲጠመቅ ወይ እንዲለቅ ታዘዘ። የወሎው ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ። ከጎንደር በኩል የሸሹት በአብዛኛው ወደ መተማና ወደ ሱዳን ወረዱ። የቀሩትም በቀን የአዲስ ስማቸውን ሸክም ይዘው፣ በሌሊት በቤታቸው ይሰግዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1888 የመሐዲስቱ አዛዥ አቡ አንጃ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውሃ ላይ ድል አድርጎ ጎንደርን ሲያቃጥል፣ አጥቂው ሙስሊም መሆኑ ለሰፈሩ አዲስ ዕዳ ሆነ። የሰፈሩ ሰው ከጥቃቱ ያተረፈው ነገር የለም፤ ከተማዋ ስትወድቅ ገበያዋም ወደቀ፣ ነጋዴዋም ተበተነ።

ታሪክ ጸሐፊው አብዱስሰመድ አሕመድ እ.ኤ.አ. ከ1864 እስከ 1941 ያለውን የጎንደር ሙስሊሞች ታሪክ ለብቻው አጥንተዋል፤ የዘመኑ አከፋፈል ራሱ ብዙ ይናገራል። በአዋጅ ይጀምራል፣ በጣሊያን መውጣት ያበቃል። ጣሊያን በ1936 ጎንደርን ከያዘ በኋላ ሙስሊሙን ለማስደሰት መስጂድና የዐረብኛ ትምህርት ፈቀደ፤ ያን ጊዜ የተገኘው ነፃነት እውነተኛ ነበር፣ ምክንያቱ ግን ከፋፍሎ ለመግዛት ነበር። ያው ጣሊያን ከተማዋን በዘር በሚለይ ፕላን ነጩን ከላይ፣ አገሬውን ከታች ከፈላት። ከ1668 ጀምሮ «ታች» የነበረው ሰፈር አሁን ጎረቤት አገኘ፤ ክርስቲያኑም ታች ሆነ።

ስሙና ግድግዳው የተለያዩበት ዘመን

የሰፈሩን ጠባይ ከ1668ቱ ጉባኤ ወዲህ ከሁሉ በላይ የለወጡት፣ በእኔ አስተያየት፣ ጦርነቶቹ አይደሉም፤ የ1967 ዓ.ም. ሁለቱ የመሬት አዋጆች ናቸው። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። በዚህም በሰሜኑ ክፍል ለዘመናት ርስት ያልነበረው ሙስሊም ገበሬ የሚያርሰው መሬት አገኘ። ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ ሙስሊሙና ደጋፊዎቹ ክርስቲያኖች ለእኩልነት ሰልፍ ወጥተው ነበር፤ የሙስሊም በዓላትም ከለውጡ በኋላ ብሔራዊ በዓላት ሆነው ታወቁ።

የከተማው አዋጅ ሁለት ፊት ነበረው። በንግድ ያፈራውን ሀብት ርስት በማይገኝበት አገር በቤት ላይ ላዋለ የሙስሊም ቤተሰብ ትርፍ ቤቱን ማጣት ከባድ ነበር። በሌላ በኩል ቤት የቀበሌ ሲሆን ተከራዩን የሚመርጠው ዘመድ ወይም የሃይማኖት ወንድም መሆኑ ቀረ። ክርስቲያኑ በአዲስ ዓለም፣ ሙስሊሙ በሌላው ቀበሌ ቤት ተመርቶ ገባ። ሰፈር በሃይማኖት መጠራቱ ቀርቶ በቁጥር ተጠራ። የ1668ቱን ጉባኤ የሻረው ሌላ ጉባኤ ሳይሆን የቀበሌ የቤት መዝገብ ነው ብንል ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን ከእውነቱ አይርቅም።

ታዲያ ሰው ሲበተን ምን በቦታው ቀረ? መስጂዱ፣ ገበያውና መቃብሩ። ሙስሊሙ በሌላ ቀበሌ ቢያድርም ለጁሙዓ፣ ለቀብርና ለዒድ የሚመለሰው ወደዚያው ነው። ሰፈሩ ማደሪያ መሆኑ ሲቀንስ መሰብሰቢያ መሆኑ በረታ። ስለዚህ የዛሬው ክርክር በየት ትኖራለህ ላይ አይነሣም፤ በየት ትሰግዳለህ፣ በየት ትቀበራለህ ላይ ይነሣል። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በጎንደር በሐጂ ኤልያስ መስጂድ አጠገብ ባለው መካነ መቃብር በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ የተነሣው ጠብ ከቤተ ክርስቲያን ጋር በሚዋሰን ቦታ ላይ ነበር። የክልሉ የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት ከ20 በላይ ሰዎች መሞታቸውን ገለጸ። በጎጃምም በኩል፣ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም.፣ በሞጣ መስጂዶችና የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች በአንድ ቀን ተቃጥለዋል። መስጂድና ሱቅ አብረው መጠቃታቸው የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም፤ «ነጋዴ» ማለት «እስላም» ማለት የነበረበት አሮጌ ቋንቋ በጠብም ጊዜ ይናገራል።

ወደ አዊ ስንመለስ

ዳንግላና እንጅባራ እንደ ጎንደር የመናገሻ ከተሞች አልነበሩም። የሰባት ቤት አገው አገር የራሱ አስተዳደርና የፈረስ ባህል ያለው የገበሬ አገር ነው፤ ከተሞቹ የመጡት በገበያና በመንገድ ነው። ከጎንደር ወደ ዓባይ ማዶ የሚሻገረው የሲራራ መንገድ ጎጃምን አቋርጦ እስከ ባሶ ገበያ ይወርድ ነበር፤ በምዕራብ በኩል ደግሞ ወደ ሱዳን ጠረፍ የሚያወጣው መንገድ በአገው ምድር ያልፋል። የምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የአገሪቱ ዋና ንግድ ወደ ጅቡቲ አዘነበለ፤ ሰሜን ምዕራቡ ግን ከሱዳን ጋር መነገዱን አላቆመም። እንግሊዝ በዳንግላ ቆንስላ ማቆሟ የቦታውን ጠቃሚነት ያስረዳል። ከ1925 እስከ 1934 (እ.ኤ.አ.) ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን የጣና ሐይቅንና የዓባይን ወንዝ ተዘዋውሮ ያጠናው በዳንግላ ተቀምጦ ነው። እንጅባራ በበኩሏ፣ ኮሶበር በሚለው ስሟ ትታወቅ የነበረችው፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውና ወደ ቻግኒ የሚገነጠለው መንገድ የሚገናኙባት በመሆኗ አደገች፤ የዞኑ መቀመጫ መሆኗና ዩኒቨርሲቲ መከፈቱ አሰፋት። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ሁለቱም ከተሞች እያንዳንዳቸው ከ20 እስከ 25 ሺህ የሚደርስ ሕዝብ ነበራቸው።

በነዚህ ከተሞች የሙስሊሙ አሰፋፈር በአዋጅ የተለየ አይደለም። በመንገዱ ዳር ሱቅ የከፈተ ሰው ከሱቁ ጀርባ ያድራል፤ መስጂዱም ለሱቁ በሚቀርብ ቦታ ይሠራል። ይህ ከጎንደሩ የተለየ መነሻ ነው። የሚያመሳስላቸው ግን አለ። እዚህም ቢሆን ሙስሊሙ ከመሬት ይልቅ በመንገድ፣ ከርስት ይልቅ በገበያ ነው የቆመው። ስለዚህ መንገዱ ሲዘጋ ወይም ገበያው ሲነሣ ከማንም አስቀድሞ የሚነካው እርሱ ነው። ከተማ በአዲስ ፕላን ሲሸነሸን፣ አሮጌው መቃብር የከተማ መሐል ሲሆን፣ ለአዲስ መቃብር የሚሰጠው ቦታ ደግሞ ከዳር ሲሆን፣ ኢማሙ በማዘጋጃ ቤት ፊት የሚያቀርበው ማስረጃ ያስፈልገዋል።

በዚህ ላይ የጎንደሩ ታሪክ አንድ ተግባራዊ ነገር ያሳያል። እስላም ቤት በልማድ ጸና እንጂ በጽሑፍ አልጸናም። ሰነዱ ሁሉ በቤተ መንግሥት፣ በደብሩና በመንገደኛው እጅ ነበር። የሰፈሩን የቤቶች ብዛት ከብሩስ፣ የሰፈሩን ቦታ ከፖንሴ፣ የሰፈሩን መጀመሪያ ከየመኑ ቃዲ የምንቃርመው ለዚህ ነው። በሰፈሩ ኪታቦች ኅዳግ ላይ ደረሶችና ዑለማዎች የሚጽፏቸው ማስታወሻዎች፣ የኒካሕ ውሎች፣ የወቅፍ ቃሎችና የሟች ስሞች ከቃጠሎ ወደ ቃጠሎ፣ ከስደት ወደ ስደት ሲንከራተቱ ብዙው ጠፍቷል።

በዳንግላና በእንጅባራ የመጀመሪያዎቹን መስጂዶች ሲያሠሩ ያዩ አዛውንቶች ልጆች ገና በሕይወት አሉ። ለመድረሳ ተማሪ ሊሰጥ የሚችል ሥራ ከዚህ ይጀምራል፦ ቦታውን ማን ሰጠ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ በቃል ነው ወይስ በደብዳቤ፤ በመጀመሪያ የተቀበረው ማን ነው፣ ከየት አገር የመጣ፣ በምን ሥራ የኖረ፤ አጥሩ ሲታጠር ከክርስቲያኑ ወገን እነማን በደቦ ረዱ፣ እነማንስ ተቃወሙ። የኋለኛው ጥያቄ ሁለቱንም ወገን ይዞ ሊጠየቅ ይገባል፤ የረዱትን ብቻ የጻፈ ወይም የተቃወሙትን ብቻ የጻፈ ተማሪ በመጀመሪያ ካየናቸው ሁለት ትረካዎች ወደ አንዱ ይመለሳል። መልሶቹ በአማርኛ ወይም በአገውኛ ሊገኙ ይችላሉ፤ በተነገሩበት ቋንቋ መጻፋቸው ይመረጣል። አንዱ ቅጂ በመስጂዱ፣ ሌላው በወረዳው ምክር ቤት፣ ሦስተኛው በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሊቀመጥ ይችላል።